ማኛን ከሰርገኛ የሚለይ ዐይን የማይለየው ዘር

በእህል ንግድ የሚተዳደር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመካው በዐይኑና በመዳፉ ነው። በየጥኖራ፣ በቢቸናና በሞጣ ገበያ የከረመ ነጋዴ ከጆንያው አፍ አንድ እፍኝ ጤፍ ዘግኖ በመዳፉ ላይ ሲበትነው፣ ማኛ መሆኑን፣ ተራ ነጭ መሆኑን፣ ወይም ቀይ የተቀላቀለበት ሰርገኛ መሆኑን ወዲያው ይናገራል። አሸዋ ቢኖርበት በጥርሱ፣ እርጥበት ቢኖርበት በሽታው ያውቀዋል። ብዙ ወረቀት ሳይጠየቅ፣ በዚህ ችሎታና በመተማመን ብቻ፣ እጅግ ብዙ ኩንታል እህል የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ሲራገፍ ኖሯል። ይህ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ስለሆነ ሊከበር የሚገባው ነው።

ይሁን እንጂ በዛሬው የዓለም ገበያ ዐይንም፣ ጥርስም፣ መዳፍም የማይለዩት አንድ ነገር ተጨምሯል። ይኸውም በኢትዮጵያ ሕግ አጠራር «ልውጠ ሕያው» የተባለው፣ በብልኃት ከሌላ ፍጥረት ባሕርይ የገባበት ዘር ነው። እንዲህ ያለው በቆሎ ከሌላው በቆሎ፣ እንዲህ ያለው ተልባ ከሌላው ተልባ በመልክም ሆነ በሽታ ፈጽሞ አይለይም። የሚለየው በላቦራቶሪ ምርመራና ዘሩ ከየት እንደ መጣ በሚያስረዳ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ዘሩ ጠቃሚ ነው ወይስ ጎጂ ነው የሚለው ክርክር በሊቃውንት መካከል ብዙ ዘመን የቆየ ነው። ለነጋዴው ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። ገዢው «ይህ ዕቃ ከየትኛው ዘር የበቀለ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሻጩ በቃሉ ሳይሆን በማስረጃ ሊመልስ ይችላልን? የምሥራቅ ጎጃም እህል በተፈጥሮው ንጹሕ መሆኑ የሚያከራክር አይደለም። ያልተጻፈ ንጽሕና ግን በወደብ ላይ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ነጋዴው እህሉን በየመነሻው ለይቶ ማስቀመጥንና መመዝገብን ዛሬ፣ ወጪው ትንሽ በሆነበት ጊዜ፣ ሊጀምር ይገባዋል።

ምርጥ ዘርና ልውጥ ዘር አንድ አይደሉም

በገበያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ ስሕተት አለ። አንዳንድ ሰዎች ከምርምር ጣቢያ የወጣውን ማናቸውንም አዲስ ዘር «የተለወጠ» እያሉ ይጠሩታል። ይህ አነጋገር ነጋዴውንም ገበሬውንም ይጎዳል። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው «ቁንጮ» የተባለው የጤፍ ዘር የተገኘው ሁለት የጤፍ ዘሮችን እንደ ጥንቱ ልማድ በማዳቀል ነው። በጎጃም የተስፋፋው «ቢ.ኤች. 660» የተባለው ድቅል በቆሎም እንዲሁ የተገኘው በማዳቀል ነው። እነዚህ ምርጥ ዘር ይባላሉ እንጂ ልውጠ ሕያው አይባሉም፤ ሕጉም እንደ ልውጠ ሕያው አይቈጥራቸውም።

ልውጠ ሕያው የሚባለው የአንዱ ፍጥረት የባሕርይ ቅንጣት በላቦራቶሪ ተወስዶ ወደ ሌላው ሲገባ ነው። ለምሳሌ በአፈር ውስጥ ከምትኖር አንዲት ባክቴሪያ የተወሰደ ባሕርይ ወደ ጥጥ ወይም ወደ በቆሎ ሲገባ፣ ተክሉ ራሱ ትሉን የሚገድል ይሆናል። ሌላው ዓይነት ፀረ አረም መድኃኒት ሲረጭ አረሙ ደርቆ ሰብሉ እንዳይደርቅ የተደረገ ነው። እነዚህ ዘሮች እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በሰፊው ተዘርተዋል። በተለይ በአሜሪካ፣ በብራዚልና በአርጀንቲና የሚመረተው አኩሪ አተር አብዛኛው ከዚህ ዘር ነው። አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ2020 ድርቅን እንዲቋቋም የተለወጠ ስንዴ ስለ ፈቀደች፣ ነገሩ በአኩሪ አተርና በበቆሎ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። ስንዴ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ ይህን ልብ ማለት ያስፈልገዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

ልውጥ ዘር ከአገር ወደ አገር ሲሻገር የሚገዛው ዓለም አቀፍ ሕግ የካርታኼና ፕሮቶኮል ነው። በዚህ ሕግ አመሠራረት ኢትዮጵያ ተመልካች ብቻ አልነበረችም። በድርድሩ የአፍሪካን አገሮችና ከእነርሱ ጋር የተስማሙትን ሌሎች ታዳጊ አገሮች ወክለው ቃል አቀባይ የነበሩት፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ኃላፊ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። ድርድሩ እ.ኤ.አ. በ1999 በኮሎምቢያ ከተማ በካርታኼና ሳይሳካ ቀርቶ፣ በጥር ወር 1992 ዓ.ም. በካናዳ ከተማ በሞንትሪያል ተፈጸመ። ሕጉም በ1995 ዓ.ም. መጨረሻ ጸና። ዶክተር ተወልደ ብርሃን በ2015 ዓ.ም. ዐርፈዋል፤ የደከሙበት ሕግ ግን ዛሬም እህል በሚጫንበትና በሚራገፍበት ወደብ ሁሉ ይሠራል። በዚህ ሕግ መሠረት ለምግብ፣ ለመኖ ወይም ለፋብሪካ የሚላክ እህል ልውጥ ዘር ሊኖርበት የሚችል ከሆነ፣ ይኸው በጭነቱ ሰነድ ላይ መገለጽ አለበት።

ኢትዮጵያም በራሷ በኩል የደኅንነተ ሕይወት ዐዋጅ ቁጥር 655/2001ን አወጣች። በዚህ ዐዋጅ መሠረት ልውጠ ሕያውን ወደ አገር ለማስገባት፣ ለማሳለፍ ወይም ለመዝራት የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ማመልከትና ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። ዐዋጁ እጅግ ጥብቅ ነው፣ ለምርምርም እንቅፋት ሆኗል የሚል አቤቱታ ስለ ቀረበበት በዐዋጅ ቁጥር 896/2007 ተሻሻለና ለምርምር የሚሆነው መንገድ ቀለለ። ከዚህ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ከሕንድ የመጡ ሁለት የጥጥ ዘሮች እንዲዘሩ ተፈቀደ። ድርቅንና የአገዳ ቆርቁርን እንዲቋቋም የተለወጠ በቆሎም በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በታጠረ ማሳ ላይ ተሞከረ።

የገዢዎቹ አገሮች ሕግም ሊታወቅ ይገባዋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣቸው ሁለት ደንቦች መሠረት፣ በኅብረቱ የተፈቀደ ልውጥ ዘር ያለበት ምግብ ሁሉ ይኸው በመለያው ላይ መጻፍ አለበት። ከዚህ ግዴታ ነጻ የሚሆነው ባለማወቅ የተቀላቀለው ከመቶ 0.9 ያልበለጠ እንደ ሆነ ብቻ ነው። በኅብረቱ ያልተፈቀደ ዘር ከሆነ ግን ጥቂት ቅልቅል እንኳ ጭነቱን ሊያስመልሰው ይችላል። ደግሞም እያንዳንዱ ሻጭ ዕቃውን ከማን እንደ ገዛና ለማን እንደ ሸጠ መዝግቦ ለ5 ዓመት ማቆየት ይኖርበታል። የተጣራ ዘይት እንኳ፣ በምርመራ ምንም ምልክት ባይታይበትም፣ ከልውጥ ዘር የተጨመቀ ከሆነ መለያው ይህን መናገር አለበት። ከዚህ የሚታየው፣ ምርመራ ያልደረሰበትን ነገር መዝገብ እንዲደርስበት የደንቡ ፈቃድ መሆኑን ነው።

የተልባው ነገር

ይህ ሁሉ ከቢቸናና ከሞጣ መጋዘን የራቀ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ በካናዳ ተልባ ላይ የደረሰውን ቢመለከት ይበቃዋል። ተልባ ለጎጃም ደጋ እንግዳ አይደለምና ነገሩን ለመረዳት አያስቸግርም።

በካናዳ የሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ በአፈር ውስጥ የቀረ ፀረ አረም መድኃኒት የማይጎዳው አንድ ልውጥ የተልባ ዘር አውጥቶ ነበር። ዘሩ «ትሪፊድ» ይባላል። መንግሥት ቢፈቅደውም የተልባ አምራቾቹ ራሳቸው ፈሩት፤ ምክንያቱም ከሚልኩት ተልባ ከግማሽ የሚበልጠውን የምትገዛው አውሮፓ ነበረችና። ስለዚህ አምራቾቹ ባቀረቡት ጥያቄ ዘሩ እ.ኤ.አ. በ2001 ከመዝገብ ተሰረዘ፤ የነበረውም ዘር እንዲጠፋ ተደረገ። ሁሉም ነገሩ ያለቀ መሰለው። ከ8 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2009፣ ጀርመን አገር በተመረመረ ምግብ ውስጥ ይኸው ዘር ተገኘ። ወዲያው የአውሮፓ ገበያ ለካናዳ ተልባ ተዘጋ ለማለት ይቻላል። በካናዳ ፈንታም የሩሲያና የካዛክስታን ሻጮች ገቡ። የካናዳ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ከዚያ በኋላ የሚዘሩትን ዘር፣ በጎተራ ያለውን እህል፣ በባቡርና በመርከብ የሚጫነውን ሁሉ እያስመረመሩ ብዙ ገንዘብ አወጡ። ዘሩን ሸጦ ያተረፈ ሰው ሳይኖር፣ ዕዳው በሁሉም ላይ ወደቀ።

በአሜሪካ ሩዝ ላይ የደረሰው ከዚህ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበያ ያልተፈቀደ ልውጥ ሩዝ በረጅሙ የአሜሪካ ሩዝ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ተቀላቅሎ ተገኘ። አውሮፓ ያልተመረመረ ሩዝ አልቀበልም አለች፤ ጃፓንም በሯን ዘጋች። የሩዝ ዋጋ ወደቀ። ዘሩን ያወጣው የባየር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ለገበሬዎቹ 750 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እንዲሁም ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ገና ያልፈቀደችው ዘር የተቀላቀለበትን የአሜሪካ በቆሎ ከወደብ እየመለሰች ቆይታ፣ በ2014 መጨረሻ ፈቀደች። ያ ዘር በአሜሪካ ውስጥ በሕግ የተፈቀደ ነበር። በአንዱ አገር የተፈቀደው በሌላው አገር አለመፈቀዱ ብቻ ብዙ መርከቦችን አስመለሰ።

እነዚህ አገሮች ላቦራቶሪ፣ ጠበቃና የመድን ገንዘብ ያላቸው ናቸው። አንድ የወረዳ ከተማ እህል ነጋዴ ወይም አንድ አነስተኛ ላኪ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስበት ከኪሣራው ሊነሣ መቻሉ ያጠራጥራል።

ነገሩ እስከ ጎጃም እንዴት ይደርሳል?

ሽምብራ፣ ባቄላና ጓያ እየነገደ የሚኖር ሰው «የነዚህ ልውጥ ዘር በገበያ ላይ የለም፤ ታዲያ ምን ያሠጋኛል?» ሊል ይችላል። አባባሉ ከፊል እውነት አለበት። ነገር ግን እህል ብቻውን አይጓዝም። ዛሬ ሽምብራ የጫነው መኪና ትናንት አኩሪ አተር ወይም በቆሎ ጭኖ ይሆናል። ባዶ ጆንያ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ አንዱ መጋዘንም በየወሩ የተለያየ እህል ይገባበታል። በጆንያ ስፌትና በመኪና ወለል ላይ የቀረ ጥቂት ፍሬ ለዐይን ምንም አይደለም፤ ለላቦራቶሪ ግን ብዙ ነው።

እህል ከውጭ የሚገባባቸው መንገዶችም እየበዙ ናቸው። ሱዳን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ልውጥ ጥጥ ዘርታለች። ኬንያ በ2012 ልውጥ ምግብ እንዳይገባ ከልክላ፣ በ2022 ክልከላውን ብታነሣም ነገሩ በፍርድ ቤት ሲያከራክር ቆይቷል። በጎጃምም በቡሬና በደብረ ማርቆስ ትላልቅ የዘይት ፋብሪካዎች ተተክለዋል። እንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች የአገሩ የቅባት እህል ሳይበቃቸው ቀርቶ አኩሪ አተር ከውጭ ለማስመጣት ቢፈልጉ፣ በዓለም ገበያ በብዛት የሚያገኙት ልውጡን ነው። ያን ጊዜ ፈቃዱ፣ ጭነቱና መጋዘኑ እንዴት ይለያል የሚለው ጥያቄ የፋብሪካው ብቻ አይሆንም፤ በዚያው ጎዳና የሚጭነው ነጋዴ ሁሉ ጥያቄ ይሆናል። የፋብሪካውን ፋጉሎ ለከብት ማድለቢያ የሚገዛውም ሰው ከነገሩ ውጭ አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጤፍ ነገር ነው። ጤፍ ቁመቱ ረዝሞ አገዳው ስለሚቀጥን፣ በነፋስና በዝናብ ይጋሽባል፤ በዚህም ብዙ ምርት ይጠፋል። ይህን ለማዳን በአሜሪካ የዶናልድ ዳንፎርዝ የእፀዋት ሳይንስ ማዕከል ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው፣ የጤፍን የቁመት ባሕርይ በላቦራቶሪ አርመው አጭር ጤፍ ማግኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ2022 አሳተሙ። በዚህ ዘዴ ከሌላ ፍጥረት ወደ ጤፉ የገባ ባሕርይ እንዲቀር አያስፈልግም፤ የራሱ ባሕርይ ብቻ ይታረማል። ታዲያ እንዲህ ያለው ጤፍ ልውጥ ነው ወይስ አይደለም? መልሱ እንደ ወደቡ ይለያያል። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 እንዲህ ያሉት ተክሎች በልውጥ ዘር ሕግ ይገዛሉ ብሎ ፈረደ፤ የአውሮፓ ኮሚሽን ደግሞ በ2023 ሕጉ እንዲላላ ሐሳብ አቀረበ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ደንብ ከነዚህ ተክሎች አንዳንዶቹን ከቁጥጥር ነጻ አደረገ። ስለዚህ አንዱ ኩንታል ጤፍ በአንዱ ወደብ ተራ እህል፣ በሌላው ወደብ ፈቃድ የሚያሻው ዕቃ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለው ዘር አንድ ቀን በሕግ ተፈቅዶ ገበሬው እጅ ቢገባ፣ እንዳይጋሽብ ያደርጋልና ገበሬው ሊወደው ይችላል፤ ይህንም ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን አጭሩ ጤፍና ረጅሙ ጤፍ ከተወቁ በኋላ በጆንያ ውስጥ አንድ ናቸው። ማኛን ከሰርገኛ የሚለየው ዐይን በዚህ ላይ ሥራ ይፈታል። ያን ጊዜ መለየት የሚችለው ከማሳው ጀምሮ መዝገብ የያዘ ሰው ብቻ ነው።

ከሆላንዱ ውል የሚገኝ ትምህርት

ጤፍና ወረቀት ከዚህ ቀደምም ተገናኝተዋል። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ዘር አጠቃቀምና ስለ ጥቅም ክፍያ ተዋዋሉ። ነገር ግን የአውሮፓ የፓተንት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ ለዚያው ኩባንያ የፈጠራ መብት ሰጠ። ኩባንያው በኋላ ከሠረ፤ ኢትዮጵያም ከውሉ የጠበቀችውን ጥቅም አላገኘችም። የፈጠራ መብቱ በሆላንድ የተሻረው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018፣ ያውም በሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች ክርክር፣ የሄግ ፍርድ ቤት በሰጠው ፍርድ ነበር። የጎጃምና የሸዋ ሴቶች ከጥንት ጀምሮ ጤፍ እያስፈጩ፣ እያቦኩና እየጋገሩ የኖሩበት ዕውቀት በውጭ አገር መዝገብ ላይ የሌላ ሰው ፈጠራ ተብሎ መጻፉ፣ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የአበው ቃል እውነተኛነት ያሳያል።

በዚህ መካከል የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሎ ኖረ፤ ይላክ የነበረው እንጀራው ነው። ባዶ የቀረውን ገበያ ግን በአሜሪካ አይዳሆ ክፍለ ሀገርና በሌሎችም አገሮች ጤፍ የሚዘሩ ሰዎች ሞሉት። የኢትዮጵያ ጤፍ በሰፊው ወደ ውጭ በሚወጣበት ጊዜ ከነዚህ ሻጮች ጋር በዋጋ ብቻ መወዳደር ያስቸግረዋል። የሚበልጥበት ነገር አገር በቀልነቱና ዘሩ የታወቀ መሆኑ ነው። ይህ ብልጫ ግን በወረቀት ካልተያዘ ለሻጩ አንዳች አይጨምርለትም።

ስለ ወጪና ስለ ድካም የሚነሣው ተቃውሞ

አስተዋይ ነጋዴዎች ሦስት ተቃውሞ ሊያነሡ ይችላሉ። አንደኛው ስለ ወጪ ነው። እህልን በየመነሻው መለየት ቦታና ጉልበት ይጠይቃል፤ ትርፉም በየኩንታሉ ጥቂት ነው ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ሆኖም ምርመራ የሚያስወድደው እህሉ ሲቀላቀል ነው። አሥር ገበሬዎች ያመጡት እህል በአንድ ክምር ከፈሰሰ በኋላ አንዱ ቢጠረጠር፣ የአሥሩም ይጠረጠራል፤ የአሥሩም ይመለሳል። ተለይቶ ከተቀመጠ ግን የሚመረመረው ያ የተጠረጠረው ብቻ ነው። የካናዳ ነጋዴዎች ይህን የተማሩት ገበያቸው ከተዘጋ በኋላ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ያልመጣ ችግር ለምን ይጠራል?» የሚል ነው። ነገር ግን ልውጥ ዘር ከገባ በኋላ የሚጀመር መዝገብ ያለፈውን ሊመሰክር አይችልም። የንጽሕና ማስረጃ ሊሰበሰብ የሚችለው ንጽሕናው ባለበት ጊዜ ነው። ዛሬ በየዓመቱ የሚጻፈው መዝገብ ነገ ለሚመጣው ገዢ የብዙ ዓመት ምስክር ይሆናል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ወደ መንግሥት የሚያመለክት ነው፤ ይህም ሚዛን የሚደፋ ነው። ነጋዴው ሕግ አክብር ሲባል፣ ሕጉ የፈቀደውንና የከለከለውን በቀላሉ የሚያውቅበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። የተፈቀዱት ልውጥ ዘሮች ዝርዝር በግልጽ አማርኛ ታትሞ በየወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ቢለጠፍ፣ ለማመልከቻ መልስ የሚሰጥበት ቀን ቢወሰንና ቢከበር፣ የናሙና ምርመራም ለባሕር ዳር በቀረበ ሥፍራ በተመጣጣኝ ዋጋ ቢገኝ፣ ቁጥጥሩ የንግድ እንቅፋት መሆኑ ቀርቶ የንግድ ዋስትና ይሆናል። ነጋዴው ናሙናውን ይዞ አዲስ አበባ ድረስ የሚመላለስበት፣ መልሱንም ለብዙ ሳምንት የሚጠብቅበት ሥርዓት ግን ሕግ አክባሪውን ቀጥቶ ደንታ ቢሱን ይሸልማል። ይህን ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ማሳሰብ የንግድ ምክር ቤቶች ተግባር ነው።

ከእያንዳንዱ የሚጠበቀው ሥራ

እህል ሰብሳቢው ነጋዴ ገበሬው እህሉን ሲያመጣ የቀበሌውን ስም፣ የዘሩን ስም፣ ዘሩ ከራሱ ጎተራ ወይም ከማኅበር የተገኘ መሆኑን፣ ቀኑንና ክብደቱን በአንድ ደብተር ላይ ቢጽፍ፣ በጆንያውም ላይ ቁጥር ቢያደርግ፣ ሥራው ከአንድ ደብተርና ከአንድ እርሳስ የበለጠ ወጪ የለውም። ከየክምሩ አንድ እፍኝ እህል በትንሽ ከረጢት ቋጥሮ፣ ቁጥሩን ጽፎ፣ ዕቃው ተሸጦ ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ ቢያቆይ፣ ጠብ ቢነሣ ዳኛ የሚሆነው ያ ከረጢት ነው። መኪና ሲጫን ወለሉን ማስጠረግ፣ ለውጭ ገበያ ለሚሄድ እህልም አዲስ ጆንያ ማድረግ ከዚሁ ይቈጠራል።

ላኪው በበኩሉ ከሰብሳቢው የሚገዛውን እህል ይህን መዝገብ ይዞ እንዲመጣ ቢጠይቅ፣ ለመዝገቡም በየኩንታሉ ጥቂት ሣንቲም ቢጨምር፣ ልማዱ በፍጥነት ይስፋፋል። እህል በደረጃ ብቻ ተለይቶ ከየአገሩ በሚቀላቀልበት ቦታ፣ መነሻው ይጠፋል፤ ላኪው ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። ከውጭ ገዢ ጋር ሲዋዋልም ምርመራው በየትኛው ወደብ፣ በማን ወጪና እስከ ስንት ከመቶ ቅልቅል እንደሚፈቀድ በውሉ ላይ ማስጻፍ አለበት። ዝም ያለ ውል ሁልጊዜ ለገዢው ያደላል።

አስመጪው ስንዴ፣ በቆሎ፣ አኩሪ አተር ወይም መኖ ሲያዝ፣ ባንክ ገብቶ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ከመክፈቱ በፊት ፈቃድ የሚያሻ መሆን አለመሆኑን ከአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ይጠይቅ። ከሻጩም ስለ ዘሩ የተጻፈ ማረጋገጫ ይቀበል። ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ በየቀኑ የወደብ ኪራይ እየበላ የሚጠበቅ ነው።

ባለ ሱቁም ቢሆን ድርሻ አለው። ደንበኛው «ይህ ዘይት፣ ይህ ዱቄት ከምን የተሠራ ነው?» ሲለው፣ በግምት «የለበትም» ወይም «አለበት» ከማለት የዕቃውን መለያ አንብቦ ቢመልስ ይሻላል። ምርጡን ዘር ከልውጡ ሳይለዩ ወሬ መንዛት፣ የጎረቤት ገበሬን ድካም ያለ ጥፋቱ ማርከስ ነው።

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ የሚደርሰው ጎዳና የሚያልፍበት ምድር ከጥንት ጀምሮ በእህሉ የታወቀ ነው። ይህ ስም የተገኘው ገበሬው ዘሩን ጠብቆ፣ ነጋዴውም ማኛን ማኛ፣ ሰርገኛን ሰርገኛ ብሎ በእውነት በመሸጡ ነው። የዛሬው ገዢ የሚፈልገው ያንኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሩቅ አገር ተቀምጦ የነጋዴውን መዳፍ ሊያይ ስለማይችል በጽሑፍ ይጠይቀዋል። በሚመጣው መኸር እህል ወደ ገበያ መውጣት ሲጀምር፣ ከሚዛኑ አጠገብ አንድ ደብተር ያኖረ ነጋዴ ለሚመጣው ዘመን አንድ እርምጃ የቀደመ ይሆናል።